ሳይዘምቱ ስለ ማዝመት

በዚህ ዓለም ሰው ከሚመክርባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ምክሩና ዕዳው በአንድ ሰው ላይ የሚያርፉ ናቸው። ርስቱን ለመሸጥ የሚመክር ሰው፥ ዋጋው ቢያንስ የሚጐዳው ራሱ ነው፤ ቤቱን በወንዝ ዳር የሚሠራ ሰው፥ ጐርፍ ቢመጣ የሚወሰደው የእርሱ ቤት ነው፤ ነጋዴም ሳያጠና ዕቃ ቢገዛ የሚጐድለው የገዛ ከረጢቱ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በራሱ ጕዳይ ጊዜ ጠንቃቃ ይሆናል። ጦርነት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በጦርነት ጊዜ «ይሁን» የሚለው አንደበትና የሚወድቀው አካል ብዙ ጊዜ የሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ይከፍላል፤ አንዱ ራቱን በልቶ በቤቱ ይተኛል፥ ሌላው በማያውቀው አገር ሣር ላይ ወድቆ ያድራል። «ካፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው የአገር ተረት በዚህ ጊዜ ትርጓሜው ይከብዳል፤ ቃሉ ከአፍ ወጥቶ አፋፍ ላይ ሲቆም፥ ሊመልሰው ወደ ገደሉ የሚላከው የሰው ልጅ ነውና።

እንግዲህ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ራሱ ወደ ጦር ሜዳ የማይሄድ ሰው፥ ሌላው ይሂድ ብሎ ሊናገር ይገባዋልን? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «ጦር ያልያዘ ሰው ስለ ጦርነት ዝም ይበል» የሚል ነው። ሁለተኛውም «ለሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ ይናገር፥ አንዱ ይዋጋ፤ በዚህ ነውር የለም» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ለሰው ዕረፍት ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ከማሰብ ያሳርፈዋል፥ ሁለተኛው ከኀላፊነት ያሳርፈዋል። እውነቱ ግን ከሁለቱም ይልቅ ከባድ ነው።

ነገሩ ጥንታዊ እንደ ሆነ መጻሕፍት ያስረዳሉ። በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተተረከው፥ የሮቤልና የጋድ ልጆች ከዮርዳኖስ በወዲህ ለከብት የተመቸውን ምድር ባዩ ጊዜ በዚያው ለመቅረት ሙሴን ለመኑት። ሙሴን ያስቈጣው መሬቱን መለመናቸው አልነበረም፤ ወንድሞቻቸው ወደ ጦርነት ሲሄዱ እነርሱ ሊቀመጡ መስለው ስለ ታዩት ነበር እንጂ። እነርሱም ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን በዚያ ትተው፥ ራሳቸው በሠራዊቱ ፊት ቀድመው ለመሻገር ቃል ከገቡ በኋላ ርስቱ ተፈቀደላቸው። እንደዚሁም በኦሪት ዘዳግም ለጦርነት የተሰበሰበው ሕዝብ ሲቈጠር፥ አዲስ ቤት ሠርቶ ያልገባበት፥ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልቀመሰ፥ ሚስት አጭቶ ያላገባ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ታዟል። ከእነዚህም ጋራ ልቡ የፈራ ሰው ተቈጥሮ እንዲመለስ ተፈቅዶለታል። ሕጉ ፈሪውን አልሰደበውም፤ በአደባባይም ምልክት አላደረገበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን አጕልቶ የሚያሳየው የዳዊትና የኦርዮ ታሪክ ነው። ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወራት ዳዊት ኢዮአብን ከሠራዊቱ ጋራ ልኮ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ። የዳዊት በደል በሰገነት ላይ ሲመላለስ እንደ ተጀመረ ብዙ ሰው ይናገራል፤ አጥብቆ ለሚመለከት ግን መንገዱ የተጠረገው ከዚያ አስቀድሞ፥ ሠራዊቱ ሲወጣ ንጉሡ በቤቱ በቀረ ጊዜ ነው። ኦርዮ ከሰፈር ተጠርቶ በመጣ ጊዜ፥ ታቦቱና ጓደኞቹ በድንኳን ሳሉ እርሱ በቤቱ ገብቶ ሊበላና ሊተኛ አልወደደም። በማግሥቱም የገዛ ሞቱን ያዘዘውን ደብዳቤ በእጁ ይዞ ወደ ኢዮአብ ተመለሰ። በቤቱ የቀረው ሰው ጻፈ፥ ከሰፈር የመጣው ሰው ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ በቤት ተጽፈው በሌላ ሰው እጅ ወደ ጦር ሜዳ የተወሰዱ ደብዳቤዎች ብዛታቸው ስንት ይሆን?

በኢትዮጵያም የቆየው ልማድ፥ ነጋሪት አስጐስሞ ክተት ያለ ንጉሥ በቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ ወሬ እንዳይጠብቅ ያስገድድ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከሠራዊታቸው ጋራ ሲዋጉ ቈስለው ሞቱ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ብቻ ሳይሆኑ እቴጌ ጣይቱም በሰፈሩ ነበሩ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም አብረው ዘምተዋል። በመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጦራቸው ጋራ ነበሩ። ፉከራም ቢሆን ባዶ ድምፅ አልነበረም። በሰው ፊት ወጥቶ የፎከረ ሰው በራሱ ላይ ዕዳ የጻፈ ሰው ነበርና፥ የጦርነቱ ቀን ደርሶ ወደ ኋላ ቢል አዝማሪው በማሲንቆ ስሙን ያነሣበት ነበር። ቃሉ የተናጋሪውን አንገት የያዘ ስለ ሆነ፥ ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት አንገቱን ይዳስስ ነበር።

ይህን ማለት የቀድሞው ዘመን ሁሉ ጽድቅ ነበረ ማለት አይደለም። የንጉሡ መዝመት ባላገሩን ከጕዳት አላዳነውም፤ ሠራዊት ባለፈበት አገር እህሉ ለስንቅ፥ በሬው ለእርድ ሲወሰድበት የነበረውን ገበሬ ስለ ጦርነቱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ቢያንስ የሚያዝዘው ሰውና የሚታዘዘው ሰው አንዱን ጢስ ያዩ ነበር። ዘመን እየተለወጠ ሲሄድ፥ መንግሥታት ሰፍተው ጦሩ በደመወዝ ወይም በግዴታ ሲመለመል፥ ጋዜጣም በየማለዳው በየቤቱ ሲገባ፥ በተናጋሪውና በተዋጊው መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፋ። ሰው ወንበሩን ሳይለቅ በልቡ ጀግና ለመሆን የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአውሮፓ ቍጥር በ1914 የተጀመረው የዓለም ጦርነት ነው። ጦርነቱ ሲነሣ እንግሊዝ በግዴታ የሚመለመል ጦር አልነበራትም፤ ስለዚህ በውዴታ የሚገባውን ሰው ለማብዛት ብዙ ተናጋሪ በየአደባባዩ ቆመ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ቻርልስ ፔንሮዝ ፊትዝጀራልድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አድሚራል በፎክስተን ከተማ ሠላሳ ሴቶች ሰብስበው፥ የወታደር ልብስ ሳይለብስ ለሚያገኙት ጐልማሳ ሁሉ ነጭ ላባ እንዲሰጡ አደረጉ። ነጭ ላባ በዚያ አገር የፈሪ ምልክት ነው። ሥራውም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ዳሩ ግን ላባው ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ለጥቂት ቀን ፈቃድ ከጦር ሜዳ የመጡ ወታደሮች፥ ቈስለውም የተሰናበቱ ይገኙ ነበር። በ1916 መንግሥት በቍስል ወይም በሕመም ምክንያት በክብር ለተሰናበቱት በልብሳቸው ላይ የሚያደርጉት የብር ምልክት ሰጣቸው። ለአገሩ የቈሰለ ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ላይ እንዳይሰደብ የብር ምስክር አስፈለገው። ኦሪት የፈራውን ሰው ሳይሰድብ ወደ ቤቱ ሲመልሰው፥ ያ ሕዝብ ግን ከእሳቱ የመጣውን ሰው እንኳ ሳይጠይቅ ሰደበው። ሰዳቢውም አንድ ቀን እንኳ በምሽግ አላደረም።

በዚያው ጦርነት በቤት የቀሩት ተናጋሪዎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ፍርድም ሲሰጥ ለይቶ መስጠት ይገባል። ሆሬሺዮ ቦተምሊ የሚባለው የ«ጆን ቡል» ጋዜጣ ሰው በየከተማው እየዞረ ወጣቱን ወደ ጦር ሲጠራ ለንግግሩ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ስለ ሆነ ባለመዝመቱ ሊነቀፍ አይገባም፤ የሚነቀፈው የሌላው ሞት ለእርሱ ገበያ ስለ ሆነለት ነው። በ1922 ከድኾች ለድል ብድር ብሎ በሰበሰበው ገንዘብ በማታለል ተከስሶ የ7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱም ጦርነቱን በብዕሩ ደገፈ፤ ዓይኑ ደካማ ስለ ሆነ የማይቀበሉትን አንድ ልጁን ጆንን በወዳጆቹ አማላጅነት ወደ አየርላንድ ዘብ ጦር አስገባው። ልጁ በ1915 በሴፕቴምበር ወር በሎስ ውጊያ ጠፋ፤ ዕድሜውም 18 ዓመት ነበር። አባቱ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የልጁን አስከሬን ሳያገኝ፥ በጦርነት የሞቱት ሰዎች መቃብር በክብር እንዲጠበቅ በተቋቋመው ጉባኤ ሲያገለግል ኖረ።

ስለ ኪፕሊንግ «ዋጋውን ከፍሏል» የሚል ሰው ይኖራል። ማንም አባት የዚህን ሰው ሐዘን ሊያቃልል አይችልም። ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር በዚህ ውስጥ አለ፤ ልጅ ለአባቱ እንደ ወርቅና እንደ ከብት የሚሰጥ ገንዘብ ነውን? አብርሃም ይስሐቅን ወደ ተራራው ባወጣው ጊዜ ታዝዞ ነበር፤ ተከልክሎም ተመለሰ። በጋዜጣ ቃል ሞቆ ልጁን ወደ ተራራው ለሚያወጣ አባት ግን በቍጥቋጦ የተያዘ በግ ሁልጊዜ አይገኝለትም። ስለዚህ ልጁን የሰጠ ሰው እንኳ የራሱን ሰጠ ማለት አይቻልም፤ ሌላ ነፍስ ሰጠ እንጂ።

በዚያ ጦርነት የተዋጋ ሰው ምን አለ ቢባል፥ የሲግፍሪድ ሳሱን ነገር ይበቃል። ይህ መኰንን በጀግንነቱ ሜዳይ የተሸለመ ነበር። በ1917 ጦርነቱ አገርን ለመጠበቅ መሆኑ ቀርቶ ለመያዝና ለማሸነፍ እንደ ሆነ በጽሑፍ ገለጠ፤ በቤት የተቀመጡትም ሰዎች የማይካፈሉትንና በልባቸው ሊሥሉት የማይችሉትን መከራ ተመችቷቸው እንደሚያዩ ወቀሰ። ጽሑፉም በጁላይ 30 ቀን በእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት ተነበበ። ባለሥልጣኖቹ በወታደር ፍርድ ቤት ከመክሰስ ይልቅ እንደ በሽተኛ ቈጥረው ወደ ሐኪም ቤት ላኩት። እርሱ ግን ከዚያ ወጥቶ ወደ ወታደሮቹ ተመልሶ በ1918 እንደገና ቈሰለ። ጦርነቱ ይብቃ ያለው ሰው ወደ ጦርነቱ ተመለሰ፤ ጦርነቱ ይቀጥል ያሉት ብዙዎች ግን በቤታቸው ነበሩ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ኢትዮጵያን ስለ ነካው ጦርነት ያስብ። በመስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ከተሞች ደወል ተደውሎ፥ የማስጠንቀቂያ ፊሽካ ተነፍቶ ሕዝቡ በየአደባባዩ ተሰበሰበ፤ ሙሶሊኒም ከቬኔዝያ ቤተ መንግሥት ሰገነት ተናገረ። በማግሥቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። በጥቅምት ወር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በታላቁ ካቴድራል ቆመው፥ ይህ ዘመቻ ለኢትዮጵያ የሃይማኖትና የሥልጣኔ በር እንደሚከፍት አድርገው አመሰገኑት። በኅዳር 8 ቀን የመንግሥታት ማኅበር የንግድ ቅጣት ጀመረ። ልክ አንድ ወር ሲሞላ፥ በታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. (በአውሮፓ ቍጥር ዲሴምበር 18 ቀን 1935)፥ ንግሥት ኤሌና በሮማ ወደማይታወቀው ወታደር መቃብር ወጥታ የጋብቻ ቀለበቷን ለአገር ሰጠች። ከእርሷም በኋላ ሴቶች በብዛት ተሰልፈው የወርቅ ቀለበታቸውን አስረክበው በፈንታው የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ጸሐፊው ሉዊጂ ፒራንዴሎ የኖቤል ሜዳዩን ሰጠ፤ የሙሶሊኒ መንግሥት ተቃዋሚ የነበረው ሊቁ ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የምክር ቤት ሜዳዩን ሰጠ።

ይህች ቀን ልትመረመር የሚገባት ቀን ናት። ቀለበቷን የሰጠችው ድኻ ሴት አስመሳይ አልነበረችም፤ የሰጠችው በቤቷ ያለውን አንድ ወርቅ፥ የተክሊሏን ምልክት ነበረ። ከመስጠቷም የተነሣ «እኔም ድርሻዬን ከፈልሁ» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዳሩ ግን ሳምንት ሳይሞላ፥ በተከዜ ወንዝ አጠገብ በራስ እምሩ ሠራዊትና በዚያ አገር ገበሬዎች ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ። ሰዎች ሰውነታቸው በውኃ ቍስል ተሞልቶ፥ ዓይናቸው ታውሮ ሞቱ። ቀለበቷ የገዛችው ይህን ነበረ። ይህንንም ማንም አልነገራትም፤ የኢጣልያ መንግሥትም ጋዙን ለመጠቀሙ በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ በ1988 ዓ.ም. ነው። አለማወቋ በደሏን ያቀልላታል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ለማወቅ ጠይቃ ነበርን? አንድ ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ይቈጥራል፥ ሸንተረሩን ይዳስሳል፤ ጦርነት ሲገዛ ግን ሳያይ ይከፍላል።

ከዚህም አንድ ሌላ ትምህርት ይወጣል። የሙሶሊኒ ሁለት ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ፥ አማቹም ጋሌያሶ ቻኖ በዚያ ጦርነት አውሮፕላን እየነዱ ተዋግተዋል። እንግዲህ «ራሱ ወይም ልጁ የዘመተበት ጦርነት እውነተኛ ነው» የሚባል ቢሆን፥ ያ ጦርነት እውነተኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን መዝመት ዐመፅን ጽድቅ አያደርገውም፤ ሽፍታም ራሱ ይዘምታል። የተዋጊው መቍረጥ የልቡን ጥንካሬ ያሳያል እንጂ የነገሩን እውነት አያስረዳም። ስለዚህ ስሕተቱ ሁለት ነው፤ መዝመት ብቻውን ያጸድቃል ማለት አንደኛው፥ አለመዝመት ብቻውን ንጹሕ ያደርጋል ማለት ሁለተኛው።

ሁለተኛውን ስሕተት የሚያስረዳው ደግሞ በዚያችው ዕለት የሆነ ሌላ ነገር ነው። ንግሥቲቱ ቀለበቷን በሰጠችበት ታኅሣሥ 8 ቀን በለንደን የእንግሊዝ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ከሥልጣናቸው ወረዱ። ምክንያቱም ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋራ ሆነው፥ ጦርነቱ እንዲቆም ከኢትዮጵያ ምድር ብዙውን ለኢጣልያ ለመስጠት ያዘጋጁት ውል ተገልጦ የአገራቸው ሰው ስለ ተቈጣ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚሹት ጦርነት አልነበረም፤ ሰላም ነበረ። ነገር ግን ሰላሙ የሚገዛው በሌላ ሰው ርስት ነበረ። በሌላው ደም ጦርነትን መግዛትና በሌላው አገር ሰላምን መግዛት መልካቸው ይለያያል እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከሰው ከረጢት የሚከፈሉ ናቸው። ስለዚህ ጦርነትን የሚቃወም ሰውም ከዚህ ሚዛን አያመልጥም። ቤቱ እየተቃጠለበት የሚታገለውን ሰው፥ ከሩቅ ቆሞ «ዝም በል፥ ተቀመጥ» የሚል መካሪ ደግሞ ራሱን ሰላማዊ ሊል አይገባውም።

በዚህ ላይ እንዲህ ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም፤ «ሐኪም የበሽተኛው እግር ይቈረጥ ብሎ ሲመክር የራሱን እግር አያቀርብም፤ ዳኛም ሲፈርድ ከእስረኛው ጋራ አይታሰርም። ሽማግሌው፥ ሴቲቱ፥ ካህኑ፥ ሕመምተኛው መዝመት ስለማይችሉ ስለ አገራቸው ዝም ይበሉን? ይህስ ከሆነ አገር በወታደር አፍ ብቻ ትመራለች።» ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በግማሹም እውነት ነው። ነገር ግን ምሳሌው እስከ መጨረሻው ይመርመር። ሐኪም የበሽተኛውን ቍስል በዓይኑ አይቶ፥ በእጁ ዳስሶ ነው የሚመክረው፤ ሁለተኛም በሽተኛውን ፈቃዱን ይጠይቀዋል፤ ሦስተኛም ከቈረጠው በኋላ ትቶት አይሄድም፥ እስኪድን ድረስ ይመላለሳል። ጦርነትን የሚመክር ሰው በሐኪም ሊመሰል ከፈለገ እነዚህን ሦስቱን ያድርግ። ሳያይ፥ ሳይጠይቅ፥ ከቈረጠም በኋላ ሳይመለስ የሚቈርጥ ሰው ግን ስሙ ሐኪም አይደለም።

ፈላስፋው ካንት በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው መጽሐፍ፥ የጦርነትን ዕዳ የሚሸከሙት ዜጎች ራሳቸው ቢጠየቁ ወደ ጦርነት ለመግባት እጅግ እንደሚያመነቱ ተስፋ አድርጎ ነበር። ተስፋው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት የአቴና ሰዎች በጉባኤ ተሰብስበው ወደ ሲሲሊ ደሴት ለመዝመት ሲወስኑ፥ ከወሰኑት ብዙዎቹ ራሳቸው ወታደርና ቀዛፊ ሆነው የሚሄዱ ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲድስ እንደ ተረከው ግን አብዛኞቹ የደሴቲቱን ስፋትና የሕዝቧን ብዛት አያውቁም ነበር፤ ነገሩን የተጠራጠሩትም አገራቸውን የማይወዱ እንዳይመስሉ ፈርተው ዝም አሉ። በ413 ዓመት ጦሩ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ፥ ሕዝቡ ራሱ እጁን አንሥቶ እንዳልወሰነ ሁሉ በተናጋሪዎቹ ላይ ተቈጣ። እንግዲህ ለመዝመት መቍረጥ ያለ ዕውቀት አይጠቅምም፤ ዕውቀትም ቢሆን የሚጠራጠረው ሰው እንዳይናገር ካሳፈሩት አይገኝም።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የማይዘምት ሰው የመናገር መብቱ አይወሰድበትም፤ አቅልሎ የመናገር መብቱ ግን ይወሰድበታል። ወታደሩ አቅልሎ ቢናገር ነገ በገዛ ሰውነቱ ይታረማል፤ ጥይቱ ያስተምረዋል። በቤት የሚቀረውን ሰው ግን የሚያርመው ጥይት የለም፤ ስለዚህ የሚያርመው ኅሊናው ብቻ ነው። መከራው የራቀበት ሰው፥ መከራው ከሚደርስበት ሰው ይልቅ ቃሉን እጥፍ አድርጎ ሊመዝን ግዴታ አለበት።

ይህ ለኢትዮጵያ ሰው የታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ጊዜ፥ ከተሰለፉት ወገኖች በሁሉም ዘንድ፥ በከተማ የተቀመጡ፥ በአሜሪካና በአውሮፓም የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በጽሑፍና በአደባባይ «ግፋ በለው» ሲሉ ተሰምተዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያ ምድር ወላጅና ወንድም ስለ ነበራቸው ቃላቸው ከሐዘንና ከፍርሃት የወጣ ነበረ፤ ይህ ሊታወቅላቸው ይገባል። ነገር ግን ቃሉ የተላከበት ሰው በወዲያም በወዲህም የአንዲት እናት ልጅ ነበረ። «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ይህ ነው። በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈርሞ ተኵሱ ዝም ካለ በኋላ፥ ያን ያህል ከጮኸው አንደበት እግሩን ያጣውን ወጣት ስም የጠየቀ ስንቱ ነው? የፈረሰውን ትምህርት ቤት ለመሥራት፥ አባቷ የሞተባትን ልጅ ለማሳደግ ድርሻውን የቈረጠስ ስንቱ ነው?

እንግዲህ ራሱ ሳይዘምት ስለ ጦርነት ሊናገር የሚወድ ሰው እነዚህን ነገሮች ሊጠብቅ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ ከመናገሩ በፊት በዘማቾቹ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ስም የገዛ ልጁ ስም እንደ ሆነ አድርጎ ያስብ፤ ያን ጊዜም ቃሉ ካልተለወጠ ይናገር። ሁለተኛ፥ በስሙ የሚደረገውን ነገር ይጠይቅ፤ የወገኑን ድል ብቻ ሳይሆን በጠላት ወገን የሚወድቀውን ሽማግሌና ሕፃን ጭምር ይቍጠር፤ ማወቅ ያልፈለገ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልምና። ሦስተኛ፥ የሚያመነታውን ሰው አይስደብ፤ ነጭ ላባ ለመስጠት የሚገባው እጅ ቢኖር እንኳ በጦር ሜዳ የቈሰለ እጅ ነው፥ ያም እጅ ላባ አይሰጥም። አራተኛ፥ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አይጥፋ። ዳዊት በጺቅላግ ጊዜ፥ ደክመው በዕቃው ዘንድ የቀሩት ሰዎች ከተዋጉት ጋራ እኩል እንዲካፈሉ ሥርዐት አደረገ፤ በዕቃው ዘንድ የሚቀር ሰው ግን ዕቃውን ይጠብቃል፥ ቍስለኛውን ይቀበላል፥ ድርሻ የሚያገኘው ስለዚህ ነው እንጂ ከሩቅ ስለ ጮኸ አይደለም። አምስተኛ፥ ጦርነቱን በቃሉ የከፈተ ሰው፥ የሚዘጋበት መንገድ በተገኘ ጊዜ ለመስማት የመጀመሪያው ይሁን፤ የማይደማ ሰው በሌላው ደም ግትር መሆን አይገባውምና።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በዚያው በዳዊት ሕይወት በሌላ ስፍራ ይገኛል። ዳዊት በዋሻ ሳለ፥ ፍልስጥኤማውያንም ቤተ ልሔምን ይዘው ሳሉ፥ በበሩ አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ ለመጠጣት ተመኝቶ ምኞቱን በአፉ ተናገረ። አላዘዘም፥ አልገፋፋም፤ የተጠማ ሰው ቃል ብቻ ተናገረ። ሦስት ኃያላን ግን ሰምተው የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ውኃውን ቀድተው አመጡለት። እርሱም ባየው ጊዜ ሊጠጣው አልቻለም፤ ውኃው በነፍሳቸው የሄዱት ሰዎች ደም ሆኖ ታየውና ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ቀላል የመሰለው ቃሉ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳው በዚያ ቀን ነው። በኦርዮ ጊዜ ይህን ዘነጋ፥ ደብዳቤውንም ጻፈ።

በቤቱ ተቀምጦ ስለ ጦርነት የሚናገር ሰው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ዳዊቶች መካከል ቆሟል። በእጁ የያዘው ጽዋ ውኃ መስሎ ይታየዋል። ከመጠጣቱ በፊት ማን እንደ ቀዳውና በምን ዋጋ እንደ መጣ ይጠይቅ።